አራት ጣት ከሥሩ

ፍሬቻ አንቱታ አይወድም፤ ስለዚህ እኔም «እሱ» እያልኩ ልቀጥል። ዕድሜውን ሙሉ አውቶብስ ሲነዳ የኖረ፣ ጡረታ ሲወጣ መሪ የለመደ እጁን የት እንደሚያሳርፈው ግራ ገብቶት የሰነበተ፣ ቁመቱ ረዘም፣ ሆዱ ገፋ ያለ ሰው ነው። ፍሬቻ ብለው ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ምን ያድርጉ? ሰውየው አንድ ነገር ሊያደርግ ሲል አስቀድሞ ካላስታወቀ አይሆንለትም። «አሁን ልነሳ ነው» ብሎ ይነሳል። «እንግዲህ ላስነጥስ ነው» ብሎ ያስነጥሳል። ሚስቱንም ያገባት እንዲሁ ነው። ባሏ ከሞተባት ዓመታት ያለፏት ሴት ነበረች፤ ተሳፍራ ፊት ወንበር ላይ በተቀመጠች ቁጥር «አንድ ቀን ላገባሽ ነው» እያለ ሲያስታውቅ ከረመ። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀና «ምልክት አሳየህ፣ አሳየህ፤ መቼ ነው የምትታጠፈው?» አለችው። ታጠፈ።

የገባበት ቤት ከከተማዋ ዳር፣ መንገዱ አልቆ እርሻው የሚጀምርበት ላይ ነው። ፊት ለፊቱ ሰፋ ያለ በረንዳ፣ ጎኑ ላይ የቆርቆሮ መጋዘን፣ ከጓሮው ደግሞ ሚስቱ ለዓመታት በቆሎ የምታበቅልበት መሬት። ፍሬቻ ቤቱንም ሴትዮዋንም ወደዳቸው። የሚስቱ ሳቅ፣ የጠዋቱ ፀጥታ፣ የሚያሳድደው ሰዓት አለመኖሩ፣ ሁሉም ተስማማው። አንድ ነገር ብቻ ከነከነው፤ እሱም የልጅቷ «እርስዎ» ነው።

ሚስቱ አንዲት ልጅ አለቻት። ትልቅ ሰው ናት፤ ራቅ ያለ ከተማ ባለ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ጨዋ ናት፤ ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም። ችግሩም ይኸው ጨዋነቷ ሆነ። «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጋሼ፣ አይነሱ። ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ።» እናቷን «አንቺ» ትላለች። ጎረቤታቸውን አናጢውን፣ ያን አፈ ሹል፣ «አንተ» ትለዋለች። ይባስ ብሎ የቤቱን ድመት «አንተ ሌባ፣ ና እስቲ» እያለች ታቅፈዋለች። ፍሬቻ ድመቱ ላይ ቀና።

«አክብራህ እኮ ነው» አለችው ሚስቱ።

«መከበር በቃኝ! ትኬት ተቆጣጣሪ ነኝ እንዴ? ድመቱ ከእኔ በምን ይበልጣል?»

«አይጥ ይይዛል» ብላ ሳቀችበት።

እሱ ግን የምሩን ነበር። የራሱ ልጅ የለውም። አንድ ቀን ይቺ ልጅ ሳታስበው፣ እንደ ቤቷ ሰው፣ «አንተ» ብትለው ሌላ ምንም አይፈልግም። ለዚህም ያልሞከረው የለም። ጃንጥላ ገዛላት። ጫማ ገዛላት። ያ አላንስ ብሎት ቦርሳ ጨመረ። በየማለዳው እየደወለ «ተነሳሽ? ቁርስ በላሽ? ብርድ አለ፣ ደርበሽ ውጪ» ይላታል። ታዲያ ስጦታው በጨመረ ቁጥር ልጅቷም ምስጋናዋን ታጠብቀው ጀመር። «ያኑርልኝ ጋሼ፣ ለምን ይቸገራሉ?» ትላለች። እሱም ስልኩን ዘግቶ «ለምን ትቸገራለህ ብትል ምን አለበት?» እያለ ከራሱ ጋር ይሟገታል።

በዚያው ዓመት ልጅቷ ከእናቷ መሬት ከፈል አድርጋ ሙከራ ጀመረች። ነገሩ የመጣው በእናትና ልጅ ክርክር ነው። ልጅቷ ስለ ማዳበሪያ መጠን ስታስረዳ እናቷ «በአጥር ውስጥ፣ በመንግሥት ውሃ የበቀለ በቆሎማ ምን ይሳነዋል! እኔ ጓሮ ይሞከርና ልየው» አለቻት። ልጅቷም እልኸኛ ናት፤ «ይሞከራላ!» አለች። በመሬቱ ላይ ትልሞቹን ለየች፤ በየጫፋቸው እንጨት ተክላ ጨርቅ አሰረች። ነጭ ጨርቅ ያለው ምንም አይጨመርበትም። ቢጫው ግማሽ መጠን ያገኛል። ሰማያዊው ሙሉውን መጠን በአንድ ጊዜ፣ ላዩ ላይ ተበትኖ ይወስዳል። ቀዩ ደግሞ ያንኑ ሙሉ መጠን፣ ግን በሁለት ጊዜ ተከፍሎ፤ ግማሹ ሲዘራ፣ ግማሹ በቆሎው ጉልበት ድረስ ሲደርስ። «መጠኑ ብቻ አይደለም» ትል ነበር፤ «መቼና የት እንደሚደረግም ነው ነገሩ። ለአጨዳ ጎረቤቱን ሁሉ እጠራለሁ፤ ያኔ ዓይናችሁ ይፍረድ።» የልጅቷ ተስፋ በሙሉ ቀዩ ላይ ነበር።

በቆሎው ጉልበት ድረስ ደረሰ። ጥሩ ዝናብ ጥሎ አፈሩ ረጠበ። ልጅቷ ግን ጣቢያው እንግዳ መጥቶባት መምጣት አልቻለችም። እናቷም ወገቧን ታማ አልጋ ላይ ውላለች። እና ስልክ ተደወለ፤ ለማን? ለፍሬቻ።

ስልኩ ጥርት ብሎ የሚሰማው በመጋዘኑ መስኮት ብቻ ስለሆነ ሰውየው ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ያዳምጣል።

«ጋሼ፣ አደራዬን። ቀይ ጨርቅ ያለባቸው ትልሞች ብቻ ናቸው። ነጩ ማዳበሪያ ከረጢቱ ውስጥ አለ። መስፈሪያው ቆርኪ ነው፤ እዚያው መስኮቱ ላይ ትቼዋለሁ። ለአንድ ተክል አንድ ቆርኪ። ሥሩ ያድርጉለትና አፈር ያልብሱት።»

«ምኑ?»

«ሥሩ! ሥሩ ያድርጉለት!»

«ገባኝ! አሁን ልጀምር ነው!» አለ ፍሬቻ፤ ደስታው በመስኮቱ ሊጥለው ምንም አልቀረው። አደራ አለችው እኮ! ድመቱን አደራ አላለችውም።

ቆርኪውን አነሳ። የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ናት፤ ከአውራ ጣቱ ጥፍር ብዙም አትበልጥ። ገለበጣት፣ አያት፣ ሳቀ። «ይቺ ለጉንዳን ናት ወይስ ለበቆሎ?» ዕድሜውን ሙሉ ታንከር ሳይሞላ መንገድ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። የልጅቷ በቆሎ ጠፍ መንገድ ላይ ነዳጅ አልቆበት እንዲቆም? እሱ እያለ? ቆርኪዋን ኪሱ ከተተና ከከረጢቱ በእፍኙ ዘገነ። የፍሬቻ እፍኝ ደግሞ እፍኝ ነው፤ የአውቶብስ መሪ ያሰፋው።

ከዚያ ተንበረከከ። ሥሩ አይደል የተባለው? ሥሩን ፈለገ። የእያንዳንዱን ተክል አንገት ግራና ቀኝ ቆፈር አድርጎ፣ ነጩን ማዳበሪያ ግንዱን አስታቅፎ፣ ሥሩ ላይ በትክክል አፈሰሰለት። አፈሩንም መለሰና መታ መታ አደረገው። «ብላ እንግዲህ፣ እንዳታሳፍረኝ» ይለዋል ለእያንዳንዱ። እንዲህ እያለ ከቀዮቹ ትልሞች ግማሹን እንደጨረሰ ጉልበቱ ከዳው። «አሁን ላርፍ ነው፤ የቀራችሁት ነገ» ብሏቸው ገባ።

በነጋታው ጉልበቱ ተሳስሮ አላስነሳውም። በዚያ ላይ ዝናቡ ጠፋ፤ ፀሐይዋ ወጥታ አናት የምትበሳ ሆነች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ብድግ ብሎ ወደ እርሻው ወጣና ክው ብሎ ቀረ። እሱ የደከመላቸው ትልሞች ቅጠላቸው ተጠቅልሏል፤ ጠርዛቸው ካውያ እንደነካው ጨርቅ ቡኒ ሆኗል። ያልነካቸው ትልሞች ደግሞ አጠገባቸው ለምለም ብለው ቆመዋል። ወይ ጉድ!

አናጢው በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ አየ። አየና ምን ቢል ጥሩ ነው? «ፍሬቻ፣ በቆሎውን ከነመሬቱ ልትጠብሰው ነው እንዴ?»

ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አያጣም ነበር። ዛሬ ግን ዓይኑን ከቅጠሉ አላነሳም። ይደብቅ? ድርቀት ነው ይበል? አልሆነለትም፤ ሳያስታውቅ የሚያደርገው ነገር የለማ። ሚስቱ ወገቧን ይዛ በር ድረስ ወጥታ ሁሉንም አየችና «አይዞህ፣ ንገራት» አለችው። መስኮቱ ጋ ሄዶ ደወለ። «እንግዲህ ልትቆጪኝ ነው» ሲል ጀመረ።

ልጅቷ በመጀመሪያው አውቶብስ መጣች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ትልሙ ውስጥ ተንበረከከች። አፈሩን በጣቷ ገለጥ ብታደርገው ነጩ ማዳበሪያ ግማሽ ሟሙቶ፣ ግማሽ ደርቆ፣ ግንዱን ዙሪያውን ከቦ ተቀምጧል። ቀና አለች።

«ቆርኪው የታለ?»

ፍሬቻ ከኪሱ አወጣላት። ንጹሕ ነው፤ አንዲት ፍሬ አልነካችውም።

የልጅቷ ደም ፈላ። «አንተ ምን ሆነህ ነው? ሰው ሲነግርህ አትሰማም እንዴ? እፍኝ ሙሉ! አሁን አንተን ምን ይሉሃል?»

«አንቺ!» አለች እናቷ ከበሩ። «አፍሽን ያዢ! ትልቅ ሰው አይደለም እንዴ?»

ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ፍሬቻ ግን… ልብ በሉልኝ፤ በቆሎው ተቃጥሏል፣ ልጅቷ ልታንቀው ምንም አልቀራት፣ ሰውየው ልቡ ቅቤ ጠጣ። አንተ አለችው! ያውም በአንድ ትንፋሽ ደጋግማ! «ተያት» አለ ለሚስቱ፣ ፈገግታውን መደበቅ አቅቶት። «ትናገር፣ ልክ ናት። ቀጥይ፣ ልጄ።»

ምን ዋጋ አለው፤ ልጅቷ አልቀጠለችም። ፊቷ ቀልቶ «ይቅርታ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ፤ ተናድጄ ነው» አለች። «ይበሉኝ» የምትለዋ ቃል ስትመለስ የፍሬቻ ቅስም ስብር አለ። ስድቡ በስንት ጣዕሙ!

«እኔ እኮ እንዳልሽኝ ነው ያደረግኩት» አለ ቀስ ብሎ። «መጠኑ ላይ አጠፋሁ፤ እሱን አልክድም። ቦታውን ግን ሥሩ አላልሽኝም?»

«ሥሩ ነው ያልኩዎት!»

«ሥሩ ላይ ነዋ ያደረግኩለት! ቆፍሬ፣ ሥሩን ፈልጌ!»

«ጋሼ… ሥሩ ማለቴ አጠገቡ ማለቴ ነው። ‹ሥሬ ቁጭ በል› ሲባል ሰው ላይ ነው እንዴ የሚቀመጡት?»

«በተክል ቋንቋ ሥር ሥር ነው ብዬ…»

እናቷ በሩን ተደግፋ ሳቀች። «ወገቤን! አታስቁኝ፣ ወገቤን ጨረሳችሁት!»

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ትልሙ ላይ ቁጭ አለች። እሷም ጓደኞቿም ወደ ገበሬዎች በሄዱ ቁጥር የሚሉት ይህንኑ ነበር፤ ሥሩ አድርጉ፣ አፈር አልብሱ። አምና ደግሞ አንድ ሰውዬ በቆሎው ተቃጥሎበት መጥቶ «ያላችሁትን አድርጌ ነው» ብሎ ሲምል አላመነችውም ነበር። «ለካ እውነቱን ነው» አለች። «ለካ እውነቱን ነበር ሰውየው!» ከዚያ ብድግ ብላ አቧራዋን አራገፈች። «ይነሱ ጋሼ፤ ሁሉም አልሞተም። ጀሪካን ያምጡ።»

ያን ቀን ሥራ ነበር። የተከመረውን ማዳበሪያ ከግንዱ እየጠረጉ አራቁ፤ የቀረውን ወደ ታች እንዲያጥበው ውሃ በጀሪካን እያመላለሱ አጠጡ። አናጢው ሲያላግጥ ቆይቶ እሱም ጀሪካን ይዞ በአጥሩ ዘለለ። ልጅቷ እየሠራች ታስረዳለች። ማዳበሪያ ያው ጨው ነው ትላለች፤ ሲበዛና ሲጠጋ ከሥሩ ውሃውን መልሶ ይመጠዋል፣ ተክሉ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ይጠማል።

«ታዲያ አፉ ካልደረሰለት በምን ይበላል?» አለ ፍሬቻ።

«ሥር እግር አለው ጋሼ፤ ራሱ ፈልጎ ይመጣል። እርስዎ አጠገቡ ያስቀምጡለት፤ በቃ።»

ያልተነኩት ትልሞች ላይ ሲደርሱ አሳየችው። እጇን ከግንዱ አጠገብ አፈሩ ላይ ጋደም አድርጋ አራት ጣት ለካች። ከአራተኛው ጣት ማዶ ትንሽ ቦይ ጫረች፣ አንድ ቆርኪ አፈሰሰች፣ አፈር መለሰችበት። ላዩ ላይ ተትቶ ቢሆን ግማሹን ፀሐይና ነፋስ ይወስደዋል፤ ጎርፍ ከመጣ ደግሞ የአናጢው ነው አለች። ፍሬቻም እጁን ጋደም አደረገ። «የእርስዎ ሦስት ጣት ይበቃል» አለችው ሰፊ እጁን አይታ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ጎን ለጎን እየዳኹ ጨረሱት።

በዚያ ሁሉ መሀል ሰውየው ያስብ ነበር። ጃንጥላው፣ ጫማው፣ ቦርሳው፣ የየማለዳው ስልክ። በእፍኝ ነበር እሷንም የያዛት፤ አንገቷ ድረስ ከምሮባት። የዚያን ዕለት አውቶብስ ጣቢያ ሲሸኛት በኪሱ ይዞት የነበረውን ሻርፕ ሳያወጣው ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት ስልኩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። እጁን በላው እንጂ አልደወለም።

ሰነባብቶ ስልኩ ጮኸ። ልጅቷ ናት፤ ራሷ ደወለች! «ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ድምፅዎ ሲጠፋ እኮ ያመመዎት መሰለኝ። ቅጠሉ እንዴት ሆነ?» መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ ስለ ቅጠሉ ነገራት። የቱ አዲስ ቅጠል እንዳወጣ፣ የቱ እንደሞተ፣ ሰማያዊ ጨርቅ ያለባቸው ትልሞች መጀመሪያ ጥቁር አረንጓዴ ሆነው ሲንጠራሩ ቆይተው ከትልቁ ዝናብ በኋላ ከታች ቢጫ ማለት እንደጀመሩ። እያደር እሷ ትደውል ጀመር፤ ስለ በቆሎው ተጀምሮ ስለ ሥራዋ፣ ስለ አለቃዋ፣ ስለ ጥርስ ሕመሟ ይሆናል። «እርስዎ» ግን አልቀረም። ፍሬቻም ስለሱ ማንሳቱን ተወ፤ ደስ ብሎት መስማቱን ብቻ ያዘ።

በቆሎው ደረሰ። ልጅቷ እንዳለችውም ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። ሰዉ ከትልም ትልም እየዞረ፣ በቆሎ እየላጠ አየ። ነጭ ጨርቅ ያለበት ትልም በቆሎው አውራ ጣት የሚያህል ሆኖ ጥርሱ ወላልቋል። ቢጫው ይሻላል፤ ግማሽ ለሰጡት ግማሽ መልሷል። ሰማያዊው ቁመቱ ያምራል፤ ጫፉ ግን ፍሬ አልያዘም፤ ምግቡን ዝናቡ አጥቦበታል። በአራት ጣት ርቀት የለበሰው ቀዩ እስከ ጫፉ ድረስ ጥርሱን ግጥም አድርጓል፤ ሁለት ሁለት በቆሎ የያዘ ተክልም ሞልቶበታል። እናትየው አንዱን ልጣ በእጇ መዘነችውና «እሺ፣ ጓሮዬ ፈረደልሽ» አለች፤ የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ።

ሰዉ ግን ከሁሉ በላይ ቆሞ ያየው የፍሬቻን ትልሞች ነው። እዚህ ቀጥ ያለ፣ እዚያ ባዶ፣ እዚያ ደግሞ ቀጭን። ልጅቷ ጥቁር ጨርቅ አስራበት ነበር። «እዚህ ከሁሉም የበለጠ ማዳበሪያ ገብቷል» አለች። «እንደምታዩት ከሁሉም ያነሰ ሰጠ። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ሥሩ ብዬ ነግሬ ነው። ከእንግዲህ ሥሩ የምትለዋን ቃል አልናገርም፤ አራት ጣት ራቅ አድርጋችሁ፣ ጎኑ ላይ ነው የምለው።»

ሰዉ ተያየ። አናጢው ራሱን አከከ። «እኔማ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሁልጊዜም ሥሩ ላይ ነው የማፈሰው። መሬቴ ክፉ ነው እያልኩ ስረግም…»

«ከነመሬቱ ስትጠብሰው ኖረሃላ!» አለ ፍሬቻ፤ መልሱን ይዞ ከርሞ ነበርና ሰዉን በሳቅ አፈረሰው።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ተበታትኖ ቤተሰቡ ብቻ ቀረ። በቆሎው በረንዳው ላይ ተከምሯል። እናትና ልጅ ረጅሙ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይፈለፍላሉ፤ ፍሬው ቅርጫቱ ውስጥ ይንጣጣል። ድመቱ ክምሩ ላይ ተኝቷል። ፍሬቻ ሌላ ጆንያ ተሸክሞ መጣና አወረደው፤ የት እንደሚቀመጥ ሲያማርጥ ልጅቷ ከእጇ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ ተናገረች።

«ጋሼ፣ ደከመህ እኮ። ና፣ ሥሬ ቁጭ በል።»

የእናትየው እጅ በቆሎው ላይ ቀረ። ፍሬቻ የልጅቷን ፊት አየ፤ ተቆጥታ ይሆን? አልተቆጣችም። ምን እንዳለች እንኳን ልብ ያለች አትመስልም፤ ትፈለፍላለች። ወደ አግዳሚው ሄደ። ከጎኗ እጁን ጋደም አድርጎ አራት ጣት ለካና ከዚያ ማዶ ተቀመጠ።

ልጅቷ ክፍተቱን አየች፤ እጁን አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ እሱን አየችው። ምን እንዳለች አሁን ገብቷታል። ፈገግ አለች እንጂ ወደ «እርስዎ» አልተመለሰችም።

«እሱ ለበቆሎ ነው» አለችው። «አንተ ጠጋ በል።»

ፍሬቻ፣ ምንም ምልክት ሳያሳይ፣ ጠጋ አለ።